ረሃብ የገባበት ምርጫ፦ ወሎ በ1965 ዓ.ም. እና የእንደራሴው ድምፅ

በሰኔ 1965 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ይሄድ ነበር። አንዱ ምርጫ፣ ሌላው ረሃብ። ከሰኔ 16 እስከ ሰኔ 30 በመላ አገሪቱ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ድምፅ ተሰጠ። በዚያው ሰሞን ከአላማጣ ተነስቶ በቆቦ፣ በወልዲያና በመርሳ አድርጎ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ሰው በረሃብ ይወድቅ ነበር።

እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ የሚያነሳ ሰው ብዙም አልገጠመኝም። ረሃቡን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወሎ ያደገ ሰው ስለሱ ሳይሰማ አላደገም። ምርጫው ግን ተረስቷል። እኔ ደግሞ ዛሬም የምንከራከርበትን አንድ ጥያቄ ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ጉዳይ አላገኘሁም። ጥያቄው ይሄ ነው፦ ተራ መራጭ የተወካዩን ድምፅ መለወጥ ይችላል ወይ?

ደሴ ቡና ላይ ይህ ጥያቄ ሲነሳ መልሱ ሁለት ጫፍ ይይዛል። አንዱ ወገን "ተወው ባክህ፣ ሁሉም ከላይ ያለቀ ነው" ይላል። ሌላው "የመረጥነው እኛ ነን፣ አልሰማ ካለ እናወርደዋለን" ይላል። ሁለቱም ቸኩለዋል ብዬ አምናለሁ። የመራጭ ጉልበት የሚታየው ተወካዩ ተመልሶ የሚያየውን ሰው ሲፈራ ወይም ሲያፍር ነው። በእጁም በእውነት የሚወስነው ነገር ሊኖር ይገባል። ሁለቱ ከሌሉ ድምፅ መስጠት ብቻውን ሰው አያድንም። የ1965ቱ ወሎ ይህን በግልጽ ያሳያል።

እንደራሴው ማን ነበር?

በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ፓርላማው ሁለት ምክር ቤት ነበረው። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላትን ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጣል። 200,000 ያህል ሰው የሚኖርበት አንድ የምርጫ ክልል ሁለት እንደራሴ ይልካል። ዘመናቸው 4 ዓመት ነው። 21 ዓመት የሞላው ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ይመርጣል። የ1965ቱ ምርጫ በዚህ ሥርዓት አምስተኛውና የመጨረሻው ነበር። ምክር ቤቱ ያኔ 250 መቀመጫ ነበረው።

ወረቀቱን ብቻ ካየን መጥፎ አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ማን መወዳደር እንደሚችል ስንጠይቅ ነው። ለእጩነት ንብረት ያስፈልጋል። ፓርቲ የሚባል ነገር አይፈቀድም። ስለዚህ ሰው የሚወዳደረው በራሱ ስም፣ በራሱ ገንዘብና በራሱ ዝምድና ነው። ይህ ሁሉ ያለው ማነው? ባላባቱ፣ ባለመሬቱ፣ የወረዳ ሹም የነበረው፣ ነጋዴው፣ አልፎ አልፎም የተማረ መምህር።

ወሎ ያኔ 12 አውራጃ ነበረው፦ አምባሰል፣ አውሳ፣ ቦረና፣ ደሴ ዙሪያ፣ ቃሉ፣ ላስታ፣ ራያና ቆቦ፣ ዋድላ ደላንታ፣ ዋግ፣ ወረሂመኖ፣ ወረኢሉ እና የጁ። የመሬት ይዞታው ከቦታ ቦታ ይለያያል። ላስታና ዋግ ላይ ርስት ይበዛል፤ ወደ ደቡብና ወደ ቆላው ሲወረድ ጭሰኛው ይበዛል። ጭሰኛ የሆነ ሰው ምርቱን ለባለመሬቱ ያካፍላል። ከመሬቱ የሚነቀልበትን ቀንም የሚወስነው ባለመሬቱ ነው። እንግዲህ ያ ባለመሬት ወይም ወንድሙ ለምክር ቤት ሲወዳደር ጭሰኛው ምን ያደርጋል? ድምፁ በሕግ የራሱ ነው። ኑሮው ግን በሌላ ሰው እጅ ነው።

ይህን ያነሳሁት እንደራሴዎቹን ሁሉ ክፉ ለማድረግ አይደለም። ቅን ሰዎች ነበሩባቸው። ነገር ግን እንደራሴው ተመልሶ የሚፈራው ወይም የሚያፍረው ማንን ነው ብለን ከጠየቅን፣ ጭሰኛው ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሥልጣኑ ነው። ሚኒስትሮች ተጠያቂነታቸው ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር። እንደራሴው ሚኒስትር ማውረድ አይችልም። ሕግ ለማውጣት የሁለቱም ምክር ቤቶች ስምምነትና የንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ረሃብ ሲመጣ ደግሞ ገበሬው የሚፈልገው አዲስ ሕግ አይደለም። እህል ነው የሚፈልገው። ግብር እንዲዘገይለት ነው። መኪና እንዲላክለት ነው። ይህን ሁሉ የሚያዘው አስፈጻሚው ነው። እንደራሴው እጁን የሚያነሳበት ወይም የሚያወርድበት ነገር አልቀረበለትም።

በእጃቸው የነበረ አንድ ድምፅ

ነገር ግን ምክር ቤቱ ምንም አቅም አልነበረውም ካልን እንሳሳታለን። በየካቲት 1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች "መሬት ለአራሹ" ብለው ወደ ፓርላማ ሲወጡ በዘፈቀደ አልነበረም። ምክር ቤቱ በጭሰኛና በባለመሬት መካከል ያለውን ግንኙነት የሚመለከት ረቂቅ ይዞ ነበር። ተማሪዎቹ ትክክለኛውን በር ነው ያንኳኩት።

ረቂቁ ግን ከዚያ በኋላ ለዓመታት ተንከባለለ። ይቀርባል፣ ይመለሳል፣ ይሻሻላል፣ እንደገና ይቀርባል። የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር በ1958 ተቋቋመ፤ ጥናት ተጠና። ሕጉ ግን ሥርዓቱ እስኪወድቅ ድረስ አልፀደቀም።

በእኔ እይታ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። እንደራሴዎች በመራጭ ግፊት አይለወጡም የሚለው ክርክር በዚህ ረቂቅ ፊት አይቆምም። ተለውጠዋል እንጂ! መሬት ያለው መራጭ ጎረቤታቸው ነው፣ ዘመዳቸው ነው፣ ሠርግና ለቅሶ ላይ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ነው። ብዙዎቹ ራሳቸውም ባለመሬት ናቸው። ሕጉ ቢያልፍ ማን እንደሚወቅሳቸው በስሙ ያውቁታል። ሕጉ ባይወጣ የሚጎዳው ጭሰኛ ግን አዲስ አበባ መጥቶ ደጃቸውን አያንኳኳም። ቢያንኳኳም ነገ የሚያርሰውን መሬት ሊያጣ ይችላል።

እንደራሴው ጆሮ ነበረው። የሚሰማው ግን ቅርቡ ያለውን ሰው ነበር።

ያ ረቂቅ ያኔ አልፎ ቢሆን የ1965ቱን ድርቅ ያስቀረው ነበር ማለቴ አይደለም። ዝናብ በሕግ አይዘንብም። ነገር ግን ድርቅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወድቀው ጎተራው ባዶ የሆነ ሰው ነው። ጎተራው ባዶ የሚሆነው ደግሞ ምርቱን እያካፈለ የሚኖር ሰው ነው። ስለዚህ ሰውየው መንገድ ዳር ከመውደቁ ከዓመታት በፊት ምክር ቤት ውስጥ የሆነው ነገር ከአወዳደቁ ጋር ይያያዛል።

ረሃቡና አቤቱታው

የ1964 ክረምት ዝናብ በሰሜን ምሥራቅ ወሎ ሳይበቃ ቀረ። በ1965 መጀመሪያ የግብርና ሚኒስቴር ከዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ጋር ባደረገው የሰብል ጥናት አደጋ መምጣቱ ታወቀ። ጥናቱ ለሕዝብ አልወጣም። ቀጥሎ የ1965 በልግም ከሸፈ። በልግ ለወሎ ደገኛ ምን ማለት እንደሆነ ለአገሬ ልጅ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ደላንታ፣ መቄት፣ አምባሰል፣ ተሁለደሬ በልግ ሲቀርባቸው ዓመቱ ግማሹ ጠፋ ማለት ነው።

አውሳ ላይ ሌላም ነገር ተጨምሮ ነበር። በአዋሽ ዳር የተስፋፉት ትላልቅ የጥጥ እርሻዎች አፋሮች በበጋ ከብት የሚያውሉበትን ግጦሽ ወስደውባቸዋል። ድርቁ ሲመጣ መሸሻ አጡ።

ስለዚህ ረሃብ ብዙ የጻፈው ኢኮኖሚስት አማርቲያ ሴን አንድ የሚያስቆጣ ነገር አሳይቷል። በአገር ደረጃ እህል ያን ያህል አልጠፋም ነበር። ደሴ ገበያ ላይም ዋጋው ረሃቡን በሚመጥን መጠን አልናረም። ገበሬው የሚሸጠው ነገር ስለሌለው የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን ነበር። ሰው እየሞተ እህል በአጠገቡ ያልፋል።

አሁን የምርጫውን ቀን እንመልሰው። ሰኔ ላይ ድምፅ የሚሰጠው ሰው የት ነው ያለው? ቤቱን ዘግቶ የወጣ ገበሬ፣ በሬውን ሸጦ ልጆቹን ይዞ አስፋልት ዳር የተቀመጠ ሰው፣ መራጭ ነው ወይ? በሕግ ነው። በተግባር ግን ከቀዬው ሲወጣ ከምርጫውም ወጥቷል። ረሃብ መጀመሪያ ከሚወስዳቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ድምፁ በጣም የሚያስፈልገው ሰው ድምፁን የሚሰጥበት ቦታ ላይ የለም።

ታዲያ ገበሬው ዝም አለ? አላለም። በ1965 አጋማሽ፣ ምርጫው ከመድረሱ ከወራት በፊት፣ ቁጥራቸው 1,500 ያህል ነበር የሚባል የወሎ ገበሬዎች በእግራቸው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ጃንሆይ ፊት አቤት ለማለት ነበር። ፖሊስ አስቁሞ መለሳቸው።

እስቲ ይህን ጉዞ ቆም ብለን እናስበው። ከወሎ አዲስ አበባ ለጤነኛ ሰውም ሩቅ ነው። የተራበ ሰው ነው የሄደው። የሄደውም ወደ እንደራሴዎቹ ምክር ቤት አልነበረም፤ ወደ ንጉሡ ነው። ይህን አለማወቅ ነው የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ገበሬው ሥልጣን የት እንዳለ በደንብ ያውቃል። አባቶቹ ጭቃ ሹሙ ሲበድላቸው ወደ ምስለኔው፣ ምስለኔው ሲበድላቸው ወደ ላይ፣ በመጨረሻም ወደ ዙፋን ችሎት "አቤት" ሲሉ ኖረዋል። እህል ማዘዝ የሚችለው ማን እንደሆነ ለይቶ ነው የሄደው። ሲያስበው እንደራሴው በመንገዱ ላይ አልመጣለትም። ከዚህ በላይ በሥርዓቱ ላይ የተሰጠ ፍርድ የለም።

ከዚያ በኋላ አቤቱታውን ሌሎች ተሸከሙት። በሚያዝያ 1965 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ። ፎቶዎቹ በግቢው ታዩ፣ ተማሪው ተቆጣ። ደሴ ላይም ተማሪዎች ተነሱ። ምላሹ የፖሊስ ኃይል ነበር። ጋዜጣው ሁሉ በመንግሥት እጅ ስለነበረ አዲስ ዘመን ላይ ይህን ማንበብ አይቻልም።

ነገሩን የሰበረው ከውጭ የመጣ ፊልም ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ድረስ ሄዶ የቀረፀው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ገንዘብና እህል ከየአገሩ መጉረፍ ጀመረ። ጃንሆይም በኅዳር ወሎን ጎበኙ። በዚያ ጉብኝት ከተወሰኑት ነገሮች አንዱ በችግሩ ምክንያት መሬታቸውን የሸጡ ወይም በመያዣ የሰጡ ገበሬዎች ለአንድ ዓመት ተመልሰው እንዲያርሱት የሚል ነበር። ለገበሬው ትልቅ ነገር ነው። ግን ልብ በሉ፦ አንድ ሰው፣ በአንድ ጉብኝት፣ ያለ ምንም ድምፅ።

ያኔ ደግሞ የከፋው ጊዜ አልፏል። የሟቹ ቁጥር ግምት ከ40,000 እስከ 200,000 ይደርሳል። አብዛኛው ሰው የሞተው ፊልሙ ከመታየቱ በፊት ነው። ገበሬዎቹ አዲስ አበባ በር ላይ ከተመለሱበት ጊዜ ጀምሮ ዓለም እስኪሰማ ድረስ ወራት አለፉ። አቤቱታው በተወካይ በኩል መሄድ ሲገባው በተማሪ፣ በመምህርና በባዕድ ካሜራ ዞሮ ነው የደረሰው። በዚያ ዙሪያ ጥምጥም ስንት ሰው አለቀ!

ፍርሃቱ ወገን ሲቀይር

በ1966 አጋማሽ አገሩ ተናወጠ። ወታደሩ አመፀ፣ መምህራንና የታክሲ ሾፌሮች አድማ መቱ። የካቲት ላይ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ። በዚያው ዓመት ባለሥልጣናትን የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቋመ። ሰብሳቢው ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። ከሚመረመሩት ጉዳዮች አንዱ የወሎ ረሃብ ነበር።

ተቋማቱ አልተለወጡም ነበር። ፓርላማው ያው ነው። ሕገ መንግሥቱም ያው ነው። ረሃቡን ማንሳት ግን ከአንድ ዓመት በፊት አደገኛ ነበር፤ አሁን ዝም ማለት አደገኛ ሆነ። የተለወጠው ማን ማንን እንደሚፈራ ነው።

መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ የዲምብልቢ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር ተቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ፤ ፓርላማውም ተዘጋ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ ተብሎ ታወጀ። እንደራሴዎች አሥር ዓመት ገደማ ያንከባለሉት ጉዳይ ማንም ያልመረጣቸው ወታደሮች በአንድ አዋጅ ጨረሱት። ወሎ ውስጥ ብዙ ሰው ያን ቀን ተደሰተ፤ ደስታውም እውነተኛ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ የሚያነጋግረው ተወካይ ጭራሽ አልነበረውም። ሌላ ታላቅ ረሃብ በ1977 ሲመጣ፣ ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ ወሎ በደካማ ምክር ቤት እንኳ አልተወከለም ነበር።

ዛሬስ?

ሴን ከእንዲህ ያሉ ጉዳዮች ተነስቶ የደረሰበት ሐሳብ በጣም ይታወቃል። ነፃ ጋዜጣና እውነተኛ ምርጫ ባለበት አገር ረሃብ ሰው በጅምላ አይጨርስም ይላል። በሐሳቡ አምናለሁ። አንድ ነገር ግን አብሬ ማስቀመጥ አለብኝ። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ወሎን ጨምሮ የአገሪቱን ሰፊ ክፍል መታ። 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ፈለገ። የ1965ቱ ዓይነት እልቂት ግን አልደረሰም። ያኔ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫዎች በሙሉ በገዥው ግንባርና በአጋሮቹ የተያዙ ነበሩ። ስለዚህ ሕዝቡን ያተረፈው የምርጫ ፉክክር ነው ማለት አይቻልም። ከ1997 ጀምሮ የሚሠራው ሴፍቲኔት፣ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ፣ መንገድ፣ እርዳታ ነበሩ። ከሁሉም ጀርባ ደግሞ ረሃብ መንግሥት እንደሚጥል ማንም ባለሥልጣን ያልረሳው ትዝታ ነበር። ያን ትዝታ የጻፈው የ1965ቱ የወሎ ገበሬ ነው። ያ ሰው በወቅቱ የእንደራሴውን ድምፅ አልለወጠም። ከእሱ በኋላ የመጡት ሹማምንት ግን ድርቅ በሰሙ ቁጥር እሱን እያሰቡ ነው የሚሠሩት።

አሁን ያለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ላይ ስለ ተወካዩ የሚለው ነገር ግልጽ ነው። የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው። ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ነው። በሰጠው ድምፅ አይከሰስም። የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ካጣበት በሕግ መሠረት ይወርዳል። አንቀጽ 30 ደግሞ ሰላማዊ ሰልፍ የመውጣትና አቤቱታ የማቅረብ መብት ይሰጣል። ከ1948ቱ ሕገ መንግሥት ጋር ሲነጻጸር ሰማይና ምድር ነው። ንብረት አይጠየቅም። መንግሥት የሚመሠረተው ከምክር ቤቱ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ በሕግ ደረጃ ተወካዩ የሚወስነው ነገር አለው።

የሚፈራውስ ማንን ነው? እዚህ ላይ ነው ችግሩ። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ በመጀመሪያው ዙር ውጤታቸው ከተገለጸ 436 መቀመጫዎች ገዥው ፓርቲ 410ሩን አሸነፈ። እንዲህ ባለ ምክር ቤት አባሉ ድጋሚ እጩ የሚሆነው በፓርቲው ፈቃድ ነው። ያኔ ባለመሬቱ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ዛሬ ፓርቲው ተቀምጧል። ከመራጩ ይልቅ ለተወካዩ የሚቀርበው እሱ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ነሐሴ 8 ቀን 2015 ምክር ቤቱ በአስቸኳይ ስብሰባ፣ በአማራ ክልል የተከሰተውን ሁኔታ ምክንያት በማድረግ የወጣውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አፀደቀ። ወሎንም በቀጥታ የነካ ውሳኔ ነው። 16 አባላት ተቃወሙ፣ 12 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ስለ አዋጁ ያለን አስተያየት ይለያይ ይሆናል። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመኝ ግን ሌላ ነው። 28 ሰዎች ከብዙኃኑ ተለይተው እጃቸውን አነሱ። ስለዚህ "ሁሉም አንድ ነው፣ መለየት አይቻልም" የሚለው ትክክል አይደለም። ሆኖም የሰማነው ቁጥሩን ነው። መቅደላ ወይም ግዳን ያለ ገበሬ የራሱ ተወካይ እጁን መቼ እንዳነሳ ከቁጥሩ ሊያውቅ አይችልም። እንዴት ድምፅ እንደሰጠ የማላውቀውን ሰው በድምፁ ልጠይቀው አልችልም። የእያንዳንዱ አባል ድምፅ በስሙ ተመዝግቦ ቢወጣ፣ ከአሥር ስብሰባ በላይ ይሠራል ብዬ አምናለሁ። ይህን መጠየቅ ደግሞ ሕገ መንግሥት መለወጥ አይፈልግም።

እስከዚያው መራጩ የቀን አቆጣጠሩን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። የሚቀጥለው ዓመት በጀት የሚፀድቀው ከመዘጋቱ በፊት ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራልና። ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም ደግሞ ወሎ ውስጥ ጎተራ የሚሟጠጥባቸው ወራት ናቸው። ስለዚህ ረሃቡ ሲጠና ምክር ቤቱ ዝግ ነው። ግን አንድ የሚጠቅመን ነገር አለ። በልግ መክሸፉ የሚታወቀው በሚያዝያና በግንቦት ነው። በጀቱ ወደ ምክር ቤቱ የሚገባው በዚያው አካባቢ ነው። የበልግ አገር ሰው የሚያውቀውን ነገር ለተወካዩ ለመንገር ያለው ጊዜ ያ ነው። ነሐሴ ላይ ከተነገረው ተወካዩ ማዘን እንጂ ድምፅ መስጠት አይችልም።

ሁሉንም ነገር ለፌዴራል ተወካይ መንገርም አይጠቅምም። የማዳበሪያ ግዥ የፌዴራል ነው፤ ስርጭቱ ግን ክልልና ወረዳ ላይ ነው። የቀበሌ ውኃ ወይም የጤና ጣቢያ ነርስ ጉዳይ የወረዳና የክልል ምክር ቤት ነው። ብዙ አቤቱታ የሚባክነው በሩን ስቶ ነው። የፌዴራሉን ተወካይ መያዝ ያለብን እሱ እጁን በሚያነሳበት ነገር ላይ ነው፦ በጀት፣ አዋጅ፣ ሹመት፣ የሚኒስትር ጥያቄ።

አቤቱታው የግል ቢሆን ይረሳል። የአንድ ሰው ጥያቄ ለተወካዩ የአንድ ሰው ችግር ነው፤ ስልክ ደውሎ ለዚያ ሰው አንድ ነገር ያስፈጽምለትና ነገሩ ይዘጋል። የዕድር፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም የመምህራን ስብስብ ፈርሞ የሚልከው ደብዳቤ ግን ሌላ ነው። የትኛው ረቂቅ እንደሆነ ስሙን ይጥራ። ምን እንደምንፈልግ ይንገር። "እንዴት ድምፅ ለመስጠት አስበዋል?" ብሎ ይጠይቅ። አንድ ቅጂ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይላክ። አንድ ቅጂ እዚሁ ይቀመጥ፤ ሐምሌ ላይ ተወካዩ ለውይይት ሲመጣ የሚነበበው እሱ ነው።

ሐምሌ ላይ ተወካዮች ወደ ምርጫ ክልላቸው ይመለሳሉ። ወልዲያ፣ ሐይቅ፣ ከሚሴ፣ ወረኢሉ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ይጠራል። በእነዚህ መድረኮች ላይ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ መንገድ፣ መብራት፣ ውኃ ነው። እነሱም ይነሱ። ከእነሱ በፊት ግን አንድ ሰው ተነስቶ "ክቡር ተወካያችን፣ ሰኔ ላይ በጀቱ ሲፀድቅ እርስዎ ምን ብለው ድምፅ ሰጡ? ለምን?" ብሎ ይጠይቅ። መልሱን የሚጽፍ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ፤ በሚቀጥለው ሐምሌም ያንኑ ወረቀት ይዞ ይምጣ።